የቴሌቪዥን መስኮትና የዳንኤል መስኮት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነቢዩ ዳንኤል በስደት ሀገር ሳለ በሰገነቱ ወደ ኢየሩሳሌም የሚመለከቱ መስኮቶች እንደ ነበሩት፣ በቀንም ሦስት ጊዜ በዚያ እየተንበረከከ ይጸልይ እንደ ነበር ቅዱስ መጽሐፍ ይነግረናል (ዳን. 6፥10)። ቤተ መቅደሱ ፈርሷል፤ ሀገሩም ሩቅ ናት። በእጁ የቀረው መስኮቱና ጸሎቱ ብቻ ነበር። ዛሬ ከሀገራቸው ርቀው የሚኖሩ ብዙ ምእመናንም ወደ ሀገር ቤት የሚመለከቱበት አንድ መስኮት አላቸው፤ እርሱም የቴሌቪዥን መስኮት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ መስኮት ለነፍሳችን የሚጠቅመው መቼ እንደ ሆነ፣ የሚጎዳንም መቼ እንደ ሆነ በአጭሩ እንመለከታለን።

ሩቁን ያቀረበ መስኮት

በሀገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በውጭ ሀገር የሚኖር ሰው የሀገሩን በዓል የሚያየው ዘመድ በላከለት የቪዲዮ ካሴት ነበር። ሳተላይት፣ ቀጥሎም ኢንተርኔት ሲስፋፋ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከየጥኖራ፣ ከብቸና ወይም ከሞጣ ወጥቶ በባዕድ ሀገር የሚኖር ወንድም ዛሬ የጥምቀትን ከተራ፣ የመስቀልን ደመራ፣ የትንሣኤን ሌሊት በእጅ ስልኩ ይከታተላል። ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅ ማርያምንና መርጡለ ማርያምን በመሰሉ ጥንታውያን አድባራትና ገዳማት አካባቢ ላደገ ሰው፣ የከበሮውና የጸናጽሉ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ልቡ ወዴት እንደሚሄድ መናገር አያስፈልግም።

ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን የሁለቱ ሲኖዶሶች እርቅ ሲታወጅ፣ ሐምሌ 25 ቀንም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስ ከረጅም ዘመን ስደት በኋላ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ በየአህጉሩ ያለ ምእመን ደስታውን በዚሁ መስኮት ተካፍሏል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ምእመናንን ከዐውደ ምሕረቱ ባራቀ ጊዜም ጸሎቱና ትምህርቱ በቴሌቪዥን ወደየቤቱ ደርሷል። ስለዚህ መስኮቱን የምንነቅፍበት ምክንያት የለንም። ጥያቄው ከመስኮቱ ፊት የምንሠራው ምንድን ነው የሚለው ነው።

የሚታየውና የማይገኘው

በስደት ያሉ አንዳንድ ምእመናን «ዛሬ አስቀደስህ?» ተብለው ሲጠየቁ «በቴሌቪዥን አስቀድሻለሁ» ሲሉ ይሰማል። ቃሉ በቅንነት የተነገረ ቢሆንም መመርመር አለበት። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቅዳሴ ቢያንስ በአምስት ልዑካን፣ ማለትም በሁለት ካህናትና በሦስት ዲያቆናት ይፈጸማል። ሕዝቡም ተመልካች ሳይሆን ተሰጥኦውን የሚመልስ፣ የሚሰግድ፣ በመጨረሻም የሚቆርብ የአገልግሎቱ ተካፋይ ነው። ዲያቆኑ እንድንቆም ሲያዝ መቆም፣ ወደ ምሥራቅ እንድንመለከት ሲያዝ መመልከት ይገባናል። ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ቡና እየጠጡ፣ በመካከል ስልክ እያነሡ የሚታይ ቅዳሴ ታየ እንጂ ተቀደሰ አይባልም።

ከሁሉም በላይ ቴሌቪዥን ሥጋ ወደሙን ሊያቀብል አይችልም። ጌታችን ሥጋውን የማይበላ፣ ደሙንም የማይጠጣ በራሱ ሕይወት እንደሌለው አስተምሮናል (ዮሐ. 6፥53)። በንስሐ የተዘጋጀና 18 ሰዓት ጾሞ ወደ መንበሩ የሚቀርብ ምእመን የሚቀበለውን፣ በምስል የሚያይ ሰው ሊያገኘው አይችልም። የሠርግ ማዕድ በሥዕል ቢታይ ያምራል፤ የተራበውን ግን አያጠግብም።

የሰዓቱ ልዩነት የሚያመጣው ፈተና

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ለሚኖሩ ምእመናን አንድ ልዩ ፈተና አለ። የዋሽንግተን ሰዓት ከኢትዮጵያ በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በሀገር ቤት እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚተላለፍ ቅዳሴ በዋሽንግተን ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ይታያል። በዚህ ምክንያት ቅዳሜ እስከ እኩለ ሌሊት የሀገር ቤቱን ቅዳሴ ተከታትሎ፣ እሑድ ጠዋት በመኪና ጥቂት ደቂቃ ከሚያስኬደው ቤተ ክርስቲያን የሚቀር ሰው ይኖራል። ለትንሣኤም እንዲሁ ነው። በሀገር ቤት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን ገና ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ፈሰከ ብሎ ጾምን መፍታት ግን አይገባም፤ ምእመን የሚጾመውና የሚፈስከው ባለበት ሀገር ካለችው ቤተ ክርስቲያን ጋር ነው። የሩቁን እያየን የቅርቡን ካጣን፣ መስኮቱ በር ዘጋብን ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለሌላቸው

ይህን ስንል ሁሉም ስደተኛ አንድ ዓይነት ኑሮ እንደሌለው አንዘነጋም። ቤተ ክርስቲያን መሥራት በማይፈቀድባት በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን በእሑድ ቀን እንኳ ከግቢ ላትወጣ ትችላለች። ለእርሷ በጆሮ ማዳመጫ በቀስታ የምትሰማው ቅዳሴ ከመጽናኛ በላይ ነው። የሪያድና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ በመሆኑም እናቷ በደብሯ ቆማ በምታስቀድስበት ሰዓት እርሷም ልትጸልይ ትችላለች። እንዲህ ያላችሁ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ እግዚአብሔር የልባችሁን ናፍቆት ያያል፤ ዳንኤልንም ቤተ መቅደስ ስላልሄደ አልወቀሰውም። ከተቻላችሁ ቁሙ፤ ካልተቻላችሁ ሥራ ላይ ሆናችሁም በልባችሁ መልሱ። ውዳሴ ማርያሙንና መዝሙረ ዳዊቱን ራሳችሁ ጸልዩ፤ የንስሐ አባታችሁንም በስልክ አማክሩ። ወደ ሀገር ስትመለሱ ወይም ቤተ ክርስቲያን ካለበት ስትደርሱ ግን የመጀመሪያው ጉዟችሁ ወደ ንስሐና ወደ ቁርባን ይሁን።

ጥንቃቄም አይለያችሁ። በመስኮቱ የቀረበ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ አይደለም። በስደተኛው ናፍቆት ተጠቅሞ ውኃ በስክሪኑ ፊት አስቀምጡ የሚል፣ ለገዳም ነው እያለ ገንዘብ በግል ሒሳብ የሚሰበስብ ሲያጋጥማችሁ፣ በሀገረ ስብከቱ ወይም በምታውቁት ደብር በኩል ሳታጣሩ አትስጡ።

ዜናውና ጸሎቱ

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ በርትቶ የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ የምሥራቅ ጎጃም ተወላጆች ከቤተሰቦቻቸው ጋር እንደ ወትሮው መገናኘት አልቻሉም። ብዙዎች ቀንና ሌሊት ከዜናው ፊት ተቀምጠው ከረሙ። የእናት የአባትን ወሬ መሻት ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን ዜና በዜና ላይ ሲደራረብ ሐዘኑ ወደ ቁጣ፣ ቁጣውም ወደ ጥላቻ ሲለወጥ እናያለን፤ በአንድ ደብር አብረው የሚያስቀድሱ ወንድሞች በሚከታተሉት ጣቢያ ምክንያት ሰላምታ ሲነፋፈጉ ያሳዝናል።

ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፣ ተክል እንዲተክሉ፣ ለሚኖሩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ መክሯቸዋል፤ የሚሹትን ብቻ እየነገሩ ከሚያታልሏቸው ሐሰተኞችም አስጠንቅቋቸዋል (ኤር. 29፥5-8)። እኛም ይህን ምክር እንውሰድ። ለዜናው ሰዓት ይወሰንለት፤ ዜናው ሲያልቅ መሣሪያው ተዘግቶ ስለ ሞቱት፣ ስለ ተፈናቀሉት፣ ስለ ሀገር ሰላም በቤተሰብ ይጸለይ። ሰምቶ ያልጸለየ ሰው ሸክሙን ተሸክሞ ያድራል።

ልጆቻችን ምን ያያሉ?

በስደት የተወለዱ ልጆች የወላጆቻቸውን ሀገር አስቀድመው የሚያውቁት በዚህ መስኮት ነው። ጥምቀትን ሲያዩ ታቦቱ ለምን እንደሚወጣ፣ ሕዝቡ ለምን ነጭ እንደሚለብስ አብሯቸው ተቀምጦ የሚነግራቸው ከሌለ፣ የሚያዩት የሩቅ ሀገር ትርኢት ብቻ ይሆንባቸዋል። ወላጅ ግማሽ ሰዓት አብሮ አይቶ ቢያስረዳ፣ በማግስቱም ያንኑ ሥርዓት በአጥቢያቸው ቆመው እንዲያዩት፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጋር እንዲዘምሩት ቢያደርግ፣ የታየው የራሳቸው ይሆናል።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ዳንኤል መስኮቱን የከፈተው ለማየት ብቻ አልነበረም፤ ከፍቶ ተንበረከከ እንጂ። እኛም የሀገራችንን መስኮት እንክፈት፤ ያየነው ወደ ጸሎት፣ ወደ ንስሐና ወደ ቅዱስ ቁርባን ያድርሰን። የስደተኞች መጠጊያ እመቤታችን በምልጃዋ ትርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።