ዓይናችን ስንት ፒክስል ይለያል?

ኢየሩሳሌም ላይ ዝናብ የሚወርደው እኛ አገር በጋው በጠናበት ወቅት ነው። በጥር ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኢትዮጵያ በሚባለው የኢየሩሳሌም መንገድ ላይ፣ ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ የስልክ መልእክት ሳነብ ካፊያ ጀመረ። አንዲት ጠብታ በስክሪኑ ነጭ ክፍል ላይ አረፈች። ልጠርጋት እጄን ስሰነዝር ከሥሯ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣቦች ታዩኝ። የውሃዋ ጉብታ እንደ ማጉያ መነጽር ሆና፣ ነጭ ብዬ የማነበው ገጽ በሦስት ቀለም መብራቶች የተሞላ መሆኑን አጋለጠችብኝ።

እነዚያ መብራቶች የፒክስል ክፍሎች ናቸው። ፒክስል ማለት ስክሪን ላይ ያለ ሥዕል ወይም ጽሑፍ የሚገነባበት ትንሹ ነጥብ ነው። በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ስንት ፒክስል እንደተደረደረ የሚነግረው ቁጥር የፒክስል ጥግግት ይባላል። የስልክ ነጋዴዎች “ፒ ፒ አይ” የሚሉት እሱን ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ነጥቦቹ እያነሱና እየተጠጋጉ ይሄዳሉ።

የዚህ ቁጥር ፉክክር የተጧጧፈው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የአፕል ኃላፊ የነበረው ስቲቭ ጆብስ በዚያ ዓመት ሰኔ ወር 326 ፒ ፒ አይ ያለውን አይፎን 4 ሲያስተዋውቅ፣ ስልኩ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ከተያዘ 300 አካባቢ ሲደርስ የሰው ዓይን ነጥቦቹን ለይቶ ማየት ያቆማል አለ። ሌሎች አምራቾች ግን እዚያ አልቆሙም። ሶኒ በ2015 ያወጣው ዝፔሪያ ዜድ 5 ፕሪሚየም 806 ደረሰ። ታዲያ ዓይናችን ይህን ሁሉ ያያል?

መልሱን ለመፈለግ ከኢትዮጵያ መንገድ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ጥቂት ደቂቃ በእግር እንደተሄደ የቲኮ ቤት ይገኛል። የሞራቪያ ተወላጁ የዓይን ሐኪም አብርሃም ቲኮ ኢየሩሳሌም የገባው በ1912 ነበር፤ ይህን ቤት በ1924 ገዝቶ የዓይን ሕክምናውን እዚያው አካሄደ። ያኔ ትራኮማ በከተማዋ ብዙዎችን ያሠቃይ ነበር። ዛሬ ቤቱ የእስራኤል ሙዚየም ቅርንጫፍ ሆኖ የሐኪሙን ባለቤት የአና ቲኮን ሥዕሎች ያሳያል። ዓይን የሚታከምበት የነበረው ቤት ሥዕል የሚታይበት መሆኑ ለእኔ ደስ የሚል መገጣጠም ነው።

የዓይን ሐኪም ዘንድ የቀረበ ሰው ሁሉ በግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ ያውቀዋል። ሰሌዳውን በ1862 ያዘጋጀው የኔዘርላንድሱ ሐኪም ኼርማን ስኔለን ነው። “6 በ6 ታያለህ” የሚባል ሰው የዲግሪን 60ኛ ክፍል የሚያህል ዝርዝር የሚለይ ነው። ለምን እንዲህ ጠበበ? በዓይን ጀርባ ባለው ሬቲና መሐል፣ ቀለም የሚለዩት ሕዋሳት እጅግ ተጠጋግተው የሰፈሩበት ጥቂት ስፍራ አለ። እዚያ የአንዱ ሕዋስ ስፋት የሚሊ ሜትር ሺኛ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። ሁለት ነጥቦች ተለይተው እንዲታዩ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የራሱ ሕዋስ ሊደርሰው ይገባል። ካልደረሰው ሁለቱ አንድ ይሆናሉ።

ስሌቱ ከዚህ ይነሣል። ዋናው ነገር ርቀት ነው። ለ6 በ6 ዓይን፣ ከ2010 በፊት የነበሩት ወደ 160 ፒ ፒ አይ የሚጠጉ ስልኮች ነጥባቸው የሚጠፋው 55 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲርቁ ነው፤ ሰው ስልኩን ከዚያ ይልቅ አቅርቦ ስለሚያነብ ነጥቦቹ ይታዩ ነበር። የ326ቱ በ27 ሴንቲ ሜትር፣ የ460ው በ19፣ የ806ቱ ደግሞ በ11 ሴንቲ ሜትር ይጠፋል። ስልክን በ11 ሴንቲ ሜትር አቅርቦ የሚያነብ ማን ነው? ዕድሜው 40 የሞላ ሰው በዚያ ቅርበት ቢሞክር ሥዕሉ ይደበዝዝበታል እንጂ አይጠራለትም።

ይሁን እንጂ 6 በ6 የጤናማ ዓይን ጣሪያ አይደለም፤ ብዙ ወጣቶች ከዚያ ያለፈ ያያሉ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የሜታ ኩባንያ ተመራማሪዎች በ2025 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በጥቁርና ነጭ ሥዕል ላይ በአማካይ በአንድ ዲግሪ ውስጥ 94 ፒክስል መለየት ችለዋል፤ የስኔለን መለኪያ የሚሰጠው 60 ነው። በቢጫና ሐምራዊ ቀለም ላይ ግን 53 ብቻ ሆነ። ስለዚህ ጽሑፍና ጠርዝ ላይ ዓይናችን ብርቱ ነው፤ ቀለም ላይ ይደክማል። የ94ቱ ልክ ስልክ በ30 ሴንቲ ሜትር ሲያዝ ወደ 456 ፒ ፒ አይ ይመጣል። ዛሬ ጥሩ የሚባሉት ስልኮች የሰፈሩት እዚሁ አካባቢ ነው።

የርቀትን ነገር በዓይኑ ማየት የፈለገ እዚያው ኢየሩሳሌም ወደ ነቢያት መንገድ ብቅ ይበል። በ1920ዎቹ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የተሠራው የኢትዮጵያ ሕንጻ ግንባሩ በሞዛይክ ያጌጠ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሲያዩት ጌጡ ወጥ ይመስላል፤ ሲጠጉት ጠጠር በጠጠር ይበታተናል። ሞዛይክ የጥንት ፒክስል ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠጠር ለ6 በ6 ዓይን ከጎረቤቱ ጋር የሚዋሐደው 34 ሜትር ያህል ሲርቅ ነው። የሞዛይክ ባለሙያ ጠጠሩን የሚመርጠው ተመልካቹ የት እንደሚቆም አስቦ ነው፤ የስክሪን ሠሪም ሥራው ከዚህ አይለይም።

የፒ ፒ አይ ቁጥሩ ብቻውን የማይናገረው ሌላም ነገር አለ። ኦሌድ በሚባሉት ብዙ ስክሪኖች ላይ እያንዳንዱ ፒክስል የሚያገኘው በሦስት ፈንታ ሁለት ባለቀለም ነጥብ ነው፤ የጎደለውን ከጎረቤቱ ይጋራል። ስለዚህ እኩል ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት ስልኮች የጽሑፍ ጠርዛቸው እኩል ላይጠራ ይችላል። ዓይን ደግሞ አንድ መስመር በትንሹ ሲሰበር ከነጥብ መለየት አቅሙ በላይ ያስተውላል፤ የሰያፍ መስመር መሰላል መምሰል ቶሎ የሚያስታውቀው ለዚህ ነው።

የፊደል ጥራት ነገር ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች በተለይ ይመለከተናል። “ቤቴ” እና “ቤቲ” የሚሉትን ቃላት እንውሰድ። አንዱ የማድርበት ነው፣ ሌላው የሴት ስም ነው። ልዩነታቸው በመጨረሻው ፊደል እግር ላይ ነው፤ ሳልሱ ቲ አግድም ጭረት አለው፣ ኃምሱ ቴ ቀለበት። ቀለበት በፒክስል ለመሥራት ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል፤ ግራ ጠርዝ፣ መሐሉ ባዶ፣ ቀኝ ጠርዝ። ቁመቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ፊደል በ160 ፒ ፒ አይ የሚያገኘው 13 ፒክስል ያህል ነው። ለአናት፣ ለአንገትና ለእግር ከተከፋፈለ በኋላ ለቀለበቱ የሚተርፈው ይጠባል፤ መሐሉ ይደፈንና ቴ ቲን ይመስላል። በ460 ግን ያው ፊደል 36 ፒክስል ያገኛል፣ ቀለበቱም ክፍት ሆኖ ይታያል። የላቲን አንባቢ በ26 ፊደል ሲያነብ እኛ ከሁለት መቶ በላይ ቅርጽ እንለያለን፤ ብዙዎቹም የሚለያዩት በእንዲህ ያለ ጭረትና ቀለበት ነው። ስለዚህ ለፊደላችን ከ160 ወደ 400 መውጣት በእርግጥ ይታያል፤ ከ460 በኋላ ግን ቀለበቱ አስቀድሞ ተከፍቷል።

ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ዋጋ ያስከፍላል። የስልኩ ማስሊያ እያንዳንዱን ፒክስል በየቅጽበቱ ስለሚያሰላ ተጨማሪው ሥራ ባትሪን ይበላል። በ2017 የወጣው የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 8 ስክሪኑ ወደ 570 ፒ ፒ አይ ቢሆንም፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ተስተካክሎ የመጣው ወደ 426 በሚጠጋ ጥራት ነበር። ሙሉውን የፈለገ ሰው ከማስተካከያው ገብቶ ይከፍተዋል።

በዚያው ካፊያ ቀን፣ ከደጁ ጥግ የተጠለሉ አንዲት እማሆይ ስልካቸውን ክንዳቸውን ዘርግተው ይዘው ለማንበብ ይታገሉ ነበር። “ልጄ፣ ፊደሉ ተደባለቀብኝ፤ ስልኩ ይሆን ያረጀው?” አሉኝ። ስልካቸው ደኅና ነበር። ከ40 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ጀምሮ የዓይን ውስጥ ሌንስ እየጠነከረ ቅርቡን ማጥራት ያቅተዋል፤ ሰው ስልኩን እያራቀ ይሄዳል። ባራቀው መጠን የፒክስል ብዛት ይቅርና ፊደሉ ራሱ ይጠፋዋል። “እማሆይ፣ ስልኩ አላረጀም። መነጽርዎን ያድርጉና ፊደሉን ላተልቅልዎ” አልኳቸው። ከቀሚሳቸው ኪስ መነጽራቸውን አወጡ። የፊደሉን መጠን ሁለት ደረጃ ከፍ አድርጌ መለስኩላቸው፤ አቅርበው ይዘው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

ስልክ ልትገዙ ስትሄዱ የሻጩን ቁጥር ከመስማታችሁ በፊት “ቤቴ” እና “ቤቲ” ብላችሁ በትንሽ ፊደል ጻፉ፤ ዘወትር በምትይዙት ርቀት ያዙትና አንብቡት። በምታነጻጽሯቸው ሁለት ስልኮች ላይ ቀለበቱ እኩል ከታያችሁ ተጨማሪው ፒክስል ለዓይናችሁ የሚጨምረው የለም፤ ገንዘቡን ለባትሪ ወይም ለካሜራ አውሉት። ለእናታችሁ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ የዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።