ቁጥቋጦው የሚጠጣው ውሃ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ደቡብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሁለት የተራራ ሰንሰለቶች መካከል የሳን ልዊስ ሸለቆ ተዘርግቷል። በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 180 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ድንቹ፣ ገብሱና አልፋልፋው የሚበቅለው ከተራራው ቀልጦ በሚወርደው በረዶ ነው።

የሸለቆው ሰሜናዊ ክፍል ግን ለብዙ ዘመን ሲያነጋግር ኖሯል። ጅረቶች ይገቡበታል፤ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። አዋሻችን ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚቀር፣ እዚያም ውሃው ዝቅተኛው ሜዳ ላይ ደርሶ ይጠፋል። ታዲያ የት ይገባል?

የመጀመሪያውን ፍንጭ ያገኙት ገበሬዎች ናቸው። ከ1880ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ ከሪዮ ግራንዴ ወንዝ ቦይ እየጠለፉ ወደዚህ ዝግ ተፋሰስ ውሃ አስገቡ። ከቦዩና ከማሳው የሰረገው ውሃ ከሥር ከፍ እያለ መጥቶ የሰብሉን ሥር ያርስላቸው ጀመር። ጥቂት ዓመታት ደስ አላቸው። ቀጥሎ ግን ውሃው ወደ ላይ ቀረበ፣ ፀሐይ አተነነችው፣ ጨውም አፈሩ ላይ ቀረ። ማሳዎች ነጡ፤ ብዙ እርሻዎችም ተጥለው ቀሩ።

የጂኦሎጂ ባለሙያው ሲቤንታል በ1910 ባሳተመው የሸለቆው ውሃ ጥናት ከሸክላ ንጣፎች ሥር የታመቀውንና ሲቆፈር በራሱ ግፊት የሚወጣውን ውሃ በሰፊው ገለጸ። ከሸክላው በላይ ደግሞ ለመሬቱ ገጽ ቅርብ የሆነ ሌላ ውሃ አለ። የእንቆቅልሹ መልስ ያለው እዚህ ነበር። በተተወው ጨዋማ ሜዳ ላይ ግሪስዉድ የሚባል ቁጥቋጦና የጨው ሣር ለምልመዋል፤ በዚያ ዝናብ ብቻ እንዲህ ሊለመልሙ አይችሉም። ሥራቸውን ሰደው የከርሰ ምድሩን ውሃ ይጠጣሉ። ከእነሱ የተረፈውን ፀሐይ ትወስደዋለች። ጠፋ የተባለው ውሃ ሰማይ ገብቷል ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት ወደ ዕቅድ እንዲለወጥ ያስገደደው ዕዳ ነው። ኮሎራዶ፣ ኒው ሜክሲኮና ቴክሳስ በ1938 የሪዮ ግራንዴን ውሃ ለመከፋፈል ተፈራረሙ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኮሎራዶ ወደ ታች ሳትለቅ የቀረችው የውሃ ዕዳ ከ1.1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አልፎ ነበር፤ በ1966 ሌሎቹ ሁለት ግዛቶች ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሷት። የሸለቆው ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ቁጥቋጦው አዞሩ። ከዝቅተኛው ሜዳ ውሃ በፓምፕ ቢወጣ፣ የውሃው ከፍታ ከሥሩና ከፀሐይ ይርቃል፤ በትነት ይጠፋ የነበረውም በቦይ ወደ ወንዙ ይሄዳል። የአሜሪካ ምክር ቤት ሐሳቡን በ1972 በሕግ አጸደቀው።

የዕቅዱ ፈተና ከጉድጓዱ በፊት መጣ። የጎረቤት ገበሬ ጉድጓድስ ቢደርቅ? ሕጉ ከፕሮጀክቱ ክልል ውጭ ያሉ ነባር ጉድጓዶች ውሃ ከሁለት ጫማ፣ ማለትም ከ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ በላይ እንዳይወርድ ከለከለ። ለዱር አእዋፍ መጠለያዎችም ድርሻ ተለየ። የ1938ቱ ስምምነት ራሱ አስቀድሞ፣ ከዝግ ተፋሰሱ የሚመጣ ውሃ ጨዋማነቱ ከፍ ያለ ሆኖ የሶዲየም ድርሻው 45 በመቶ ከደረሰ ለኮሎራዶ እንደማይቆጠርላት ወስኖ ነበር። የጂኦሎጂ ባለሙያው ኤመሪና ባልደረቦቹም የሸለቆውን የከርሰ ምድር ውሃ በኤሌክትሪክ ሰርኪዩት አስመስለው መረመሩ፤ የኤሌክትሪኩ ፍሰት የውሃውን ፍሰት፣ ቮልቴጁ የውሃውን ከፍታ ይወክላል። ውጤታቸው በ1975 ታተመ።

ከዚያ 170 ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ 68 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቦይም ተሠራ። በዓመት ይገኛል ተብሎ የታቀደው እስከ 120 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነበር። የተገኘው ከዚያ እጅግ አነሰ። በብረት የሚመገቡ ባክቴሪያዎች የጉድጓዶቹን ወንፊት ደፈኑ። ዕዳውንም ያጠፋው ፕሮጀክቱ አልነበረም፤ በ1985 በሪዮ ግራንዴ ላይ ያለው የኤለፋንት ቢውት ግድብ ሞልቶ ሲፈስ በስምምነቱ መሠረት ተሰረዘ።

ትልቁ ግኝት ግን የዘገየው ነው። ሊድን የታሰበው ውሃ ትልቅ ክፍሉ ከገበሬው ቦይና ማሳ የሰረገ ነበር። የሸለቆው ገበሬ ራሱ ጉድጓድ እያበዛ፣ እየዞረ የሚያጠጣውን መሣሪያ እያስፋፋ ሲሄድና በ2002 የከፋው ድርቅ ሲመጣ የውሃው ከፍታ ወረደ፤ ከትነት የሚድነውም አብሮ ቀነሰ። የባከነ የሚመስል ውሃ መጠኑ የሚወሰነው ከላይ በሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ በደረቅ ሸለቆ ውሃ ላድን የሚል ሁሉ ከቁፋሮው በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ይህ ውሃ ከማን ማሳ መጣ? ገበሬው ነገ አጠጣጡን ቢለውጥስ ይኖራል? ይህ ካልተመለሰ የጉድጓዱ ብዛት ዋስትና አይሆንም፤ ዕቅዱ የቆመው ሌላው ሰው ዛሬ በሚያፈሰው ውሃ ላይ ነውና።