የመኪና ቀበቶ፦ ጠቀሜታውና ትክክለኛ አስተሳሰሩ

በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ሐኪሙ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አንዱ «ቀበቶ አስረው ነበር ወይ?» የሚል ነው። የጥያቄው ዓላማ ጥፋተኛ መፈለግ ሳይሆን ጉዳቱ በየትኛው የሰውነት ክፍል ላይ ሊኖር እንደሚችል መገመት ነው።

ዛሬ በስፋት የምንገለገልበትን፣ በሦስት ነጥብ የሚያያዘውን ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ለቮልቮ መኪና ያበረከተው ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ቀበቶ ማሰር በአደጋ የመሞትን ዕድል እስከ 50 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

ቀበቶ እንዴት ይከላከላል?

በአንድ የመኪና አደጋ ውስጥ ሦስት ግጭቶች አሉ። የመጀመሪያው መኪናው ከሌላ አካል ጋር የሚያደርገው ነው። በሁለተኛው፣ ያልታሰረው ተሳፋሪ መኪናው በነበረው ፍጥነት ወደ ፊት ተወርውሮ ከመሪ፣ ከመስታወት ወይም ከፊት መቀመጫ ጋር ይጋጫል። በሦስተኛው ደግሞ የውስጥ አካላት ይናወጣሉ፤ አንጎል ከራስ ቅል ጋር ይላተማል፣ ጉበትና ጣፊያም ሊቀደዱ ይችላሉ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ መጋጨት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ወድቆ መሬት ከመምታት ጋር ይመጣጠናል።

ቀበቶ ሁለተኛውን ግጭት ያስቀራል ወይም ያለዝባል፤ ኃይሉንም በዳሌና በደረት ጠንካራ አጥንቶች ላይ ያከፋፍላል። ስለሆነም ማሰሩ ብቻ ሳይሆን የሚያርፍበት ቦታም ወሳኝ ነው።

ትክክለኛው አስተሳሰር

1. የታችኛው ክፍል ከሆድ በታች፣ በዳሌ አጥንት ላይ ጠበቅ ብሎ ይረፍ። በሆድ ላይ ከዋለ አንጀትንና አከርካሪን ሊጎዳ ይችላል።

2. የላይኛው ክፍል ከአንገት ርቆ፣ በትከሻና በደረት መካከል ይለፍ። በብብት ሥር ወይም ከጀርባ ማሳለፍ ጥቅሙን ያሳጣል።

3. ቀበቶው አይጠማዘዝ፣ አይላላም። ወፍራም ካፖርት ወይም ጋቢ ከሥሩ ካለ ክፍተት ስለሚፈጥር ገለጥ ይደረግ።

4. ነፍሰ ጡር እናት የታችኛውን ክፍል ከጽንሱ በታች፣ የላይኛውን በጡቶቿ መካከል ታሳልፍ። ቀበቶ ለጽንሱም የሚበጀው እናቲቱን በማዳን ነው።

5. ሕፃን በጭን ታቅፎ መጓዝ አስተማማኝ አይደለም። በተጠቀሰው ፍጥነት ግጭት ቢደርስ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን ከ100 ኪሎ ግራም በላይ እንደሚመዝን ሆኖ ከእጅ ያመልጣል። አንድ ቀበቶ ለሁለት ሰው ማሰርም አደገኛ ነው፤ ሕፃናት ለዕድሜያቸውና ለቁመታቸው የተሠራ መቀመጫ ያስፈልጋቸዋል።

የትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ብቻ ቀበቶውን በደረት ላይ ጣል አድርጎ ሳይቆልፉ መጓዝ ከቅጣት ቢያድን እንጂ ከሞት አያድንም። «ከኋላ ነኝ» ማለትም አያዋጣም፤ ያልታሰረ የኋላ ተሳፋሪ ራሱን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ የተቀመጠውንም ሊገድል ይችላል።

ከአደጋ በኋላ በሆድ ወይም በደረት ላይ የቀበቶ ሰንበር የታየበት፣ ወይም ሆዱን የሚያመው ሰው ደህና ቢመስልም ፈጥኖ ይመርመር፤ የውስጥ ደም መፍሰስ ዘግይቶ ሊገለጥ ይችላልና። ግጭት ያስተናገደ ቀበቶም በአዲስ ይተካ።

ቀበቶ አደጋን አያስቀርም፤ ጉዳቱን ግን ይቀንሳል። ለማሰር የሚያስፈልገው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ሁሉም ተሳፋሪ ቀበቶውን ይቆልፍ።