የሽንት መውጫን በቀዶ ጥገና መቀየር

የሽንት መውጫን በቀዶ ጥገና መቀየር ማለት ፊኛ ሲወገድ ወይም ሥራውን መሥራት ሲያቅተው፣ ከኩላሊት የሚወርደው ሽንት በሌላ መንገድ ከሰውነት እንዲወጣ የሚደረግበት ሕክምና ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በካንሰር ምክንያት ፊኛቸው ለተወገደ ሕሙማን ነው። ፊኛቸው ከሆድ ውጭ ተገልጦ ለተወለዱ ሕፃናት፣ በነርቭ ጉዳት ፊኛቸው ለማይታዘዝላቸው ሰዎች፣ እንዲሁም ፊስቱላቸው በጥገና ሊደፈን ላልቻለ ሴቶችም ይሠራል።

ለፊኛ ምትክ የሚሆን አስተማማኝ ሰው ሠራሽ አካል እስካሁን ስላልተገኘ፣ ሐኪሞች የሚጠቀሙት የታማሚውን የራሱን አንጀት ነው። ጣጣውም በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ፊኛ የተፈጠረው ሽንትን ለማጠራቀም ሲሆን አንጀት ግን ያገኘውን ለመምጠጥ ነው።

ዘዴዎቹ

ጥንታዊው ዘዴ ከኩላሊት የሚወርዱትን ሁለት የሽንት ቱቦዎች ከትልቁ አንጀት መጨረሻ ጋር መስፋት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሳይመን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሽንትን ወደ ፊንጢጣ ለመምራት ሞክሯል። ታማሚው ከረጢት አያስፈልገውም፤ ሽንቱም ሰገራውም በአንድ በር ይወጣል። ነገር ግን በሰገራ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ኩላሊት ይወጣሉ፤ ቱቦው በተሰፋበት ቦታም ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊበቅል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካዊው ዩጂን ብሪከር ያስፋፋው ዘዴ ቀለል ያለ ነው። ከትንሹ አንጀት መጨረሻ አካባቢ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር የሚሆን ክፍል ከነደም ሥሮቹ ይለያል፤ የቀረው አንጀት መልሶ ይቀጠላል። የሽንት ቱቦዎቹ ከተለየው ክፍል ጋር ይሰፉና ሌላኛው ጫፉ በሆድ ቆዳ በኩል ይወጣል። ይህ ቀዳዳ ስቶማ ይባላል። ሽንቱ ሳያቋርጥ ስለሚንጠባጠብ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይጠራቀማል። ቀላል በመሆኑ ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል።

ከረጢት ላለመያዝ ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው በሆድ ውስጥ ከአንጀት ማጠራቀሚያ ሠርቶ ታማሚው በቀን ብዙ ጊዜ ካቴተር እያስገባ እንዲያስወጣው ማድረግ ነው። ሁለተኛው ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆን ትንሽ አንጀት በቁመቱ ተሰንጥቆና ታጥፎ እንደ ኳስ ከተሰፋ በኋላ ከተፈጥሮው የሽንት መውጫ ጋር የሚያያዝበት አዲስ ፊኛ ነው። መሰንጠቁ ለይስሙላ አይደለም፦ ሳይከፈት የቀረ አንጀት እየተኮማተረ ሽንቱን ወደ ውጭና ወደ ኩላሊት ይገፋዋል። አዲሱ ፊኛ እንደ ቀድሞው መሙላቱን ስለማያሳውቅ፣ ታማሚው ሰዓት እያየ ሆዱን አምጦ ይሸናል፤ ሌሊት ላይ ሊያመልጠው ይችላል።

የሚያስከትሏቸው ችግሮች

አንጀት ከሽንት ውስጥ አሞኒየምና ክሎራይድ መልሶ ይመጥጣል፤ ባይካርቦኔት ደግሞ ይለቃል። በዚህም ደም አሲዳማ ይሆናል። ታማሚው ድካም ይሰማዋል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ችግሩ ከቆየ አጥንት ይሳሳል። ሽንቱ አንጀት ውስጥ በቆየ መጠን ይህ ስለሚባባስ፣ ከአጭሩ የብሪከር መተላለፊያ ይልቅ በማጠራቀሚያዎች ላይ ይበረታል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ የሶዲየም ባይካርቦኔት እንክብል ነው። ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ስለሆነ፣ ያ ክፍል ከተወሰደ ጉበት ያከማቸው ካለቀ ከዓመታት በኋላ እጥረት ሊታይ ይችላል። ጠጠር፣ ኢንፌክሽን፣ በስቶማው ዙሪያ የቆዳ መቁሰልና የሆድ ግድግዳ መላላትም ያጋጥማሉ።

ከሁሉ አሳሳቢው ግን ቱቦው አንጀቱ ላይ በተሰፋበት ቦታ መጥበቡ ነው። ሕመም ሳይኖር ኩላሊቱ ቀስ በቀስ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ደህና የሚመስል ሰውም በየጊዜው በአልትራሳውንድና በደም ምርመራ መታየት አለበት።

በኢትዮጵያ

ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በመሠረቱት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል፣ ፊኛቸው ሊጠገን ላልቻለ ሴቶች የሽንት መውጫ ቅየራ ተሠርቷል። ችግሩ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ውጭ ይጀምራል፦ ከረጢቱ በየጊዜው መቀየር አለበት፣ ገጠር ግን አይገኝም። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የተቋቋመው ደስታ መንደር እንዲህ ያለ የዘለቄታ ክትትል የሚያስፈልጋቸውን ሴቶች ተቀብሏል። ከረጢት በማይገኝበት አገር ሽንትን ወደ ትልቁ አንጀት መምራት የተሻለ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም የተራዘመ ምጥ ፊንጢጣንም አብሮ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ይህ ዘዴ ከመመረጡ በፊት ፈሳሽ በፊንጢጣዋ ገብቶ፣ ሳያመልጣት ቆማና ተራምዳ ይዛ መቆየት መቻሏ ይፈተናል።