የሩቅ አገር ውሳኔና የሆሳዕና ደጅ

የአንድ ታላቅ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ፖለቲካ የሚመከረው በሚኒስትሮችና በአምባሳደሮች መካከል ቢሆንም፥ ፍሬው የሚቀመሰው በገበሬ ቤት ነው። ስለዚህ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሁከት በማያጣው በአፍሪካ ቀንድ ያላቸው ተሰሚነት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለውን ክርክር ለመመዘን የሚሻ ሰው ወደ ሆሳዕናና ወደ ዱራሜ ቢመለከት መልካም ነው።

ለሐዲያና ለከምባታ ሕዝብ የአሜሪካ ስም እንግዳ አይደለም። በ1920 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመሩት የሚሲዮን ጓድ ወደ ደቡብ ወርዶ ከሰፈረባቸው ስፍራዎች አንዱ ሆሳዕና ነበረ። ይህ ግን የሰዎች ሥራ እንጂ የመንግሥት ፖለቲካ አልነበረም። ፖለቲካው የታየው በነሐሴ 1927 ዓ.ም. ነው። ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትሰናዳ፥ የአሜሪካ ኮንግሬስ ለተዋጊዎች ሁሉ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉ በቃሉ እኩል ነበረ፤ ነገር ግን ወራሪው የራሱ የመሣሪያ ፋብሪካ ሲኖረው ተወራሪው አልነበረውም። ይሁን እንጂ ያው መንግሥት የኢጣልያን ወረራ ሕጋዊ ነው ብሎ ሳይቀበል መቅረቱ ሊዘነጋ አይገባም።

ተመሳሳይ ነገር በዘመናችንም ታየ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ሕግ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቀደ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ልብስ ሰፍቶ ወደዚያ ገበያ የሚልክ ሆነ፤ ከሲዳማ፥ ከወላይታ፥ ከሐዲያና ከከምባታ ገጠር የመጡ ልጃገረዶችም በዚያ እንጀራቸውን አገኙ። በሰሜን ጦርነት ምክንያት ግን አሜሪካ የሰብአዊ መብት ተጥሷል ስትል ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚህ ዕድል አስወጣች። ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም በሐዋሳ የነበረውን ፋብሪካ ዘጋ።

በዚህ ነገር ሁለት ወገን ይከራከራል። አንደኛው፥ ዕድሉ በሕግ የተሰጠው ከነግዴታው ነውና ሰጪው ግዴታው ተጓደለ ባለ ጊዜ ቢነሣ አይነቀፍም ይላል። ሁለተኛው፥ ጦርነቱን ያላወጀች ልብስ ሰፊ ስለ ምን ትቀጣለች ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ከእውነት ድርሻ አላቸው። የጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም አሜሪካ በታዛቢነት ተገኝታለች፤ የእርቁን ንግግር ማገዝዋም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሰላሙ ሲፈረም የልብስ ሰፊዋ ሥራ አብሮ አልተመለሰም።

እንግዲህ በ1927ም ሆነ በ2014 የታየው አንድ ነገር ነው። የኃያል መንግሥት ፍርድ በቀና ሐሳብ ቢሰጥ እንኳ፥ ክብደቱ የሚያርፈው በተነጣጠረበት ላይ ሳይሆን መጠጊያ በሌለው ላይ ነው። ይህን አይቶ አሜሪካን መርገምም ሆነ ማምለክ የአስተዋይ ሰው ጠባይ አይደለም፤ እያንዳንዱ መንግሥት አስቀድሞ የራሱን ጥቅም ያስባልና።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። ስለሆነም የወዳጅን እጅ በምስጋና መቀበል ተገቢ ሲሆን፥ የአገር ሹማምንት ተግባር የሕዝብን እንጀራ በአንድ ደጅ ብቻ አለማንጠልጠል ነው። የሐዲያ ስንዴና የከምባታ ዝንጅብል ብዙ ገበያ ቢያገኙ፥ በአገር ውስጥም ሰላም ቢጸና፥ የሩቅ አገር ውሳኔ የሆሳዕናን ደጅ ሊያንኳኳ ይችላል እንጂ ቤቱን ሊያፈርስ አይችልም።