ባለቤቱ በባሕር ማዶ፣ ሥራው በወሎ ሰፈር

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው ጎዳና የሚያልፍበት ወሎ ሰፈር፣ መንገደኛ የማይጠፋበት፣ ቤትና ቢሮ የተጠጋጋበት ሰፈር ስለሆነ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለፀጉር ማስተካከያ፣ ለልብስ ስፌትና ይህን ለመሳሰለው አነስተኛ የአገልግሎት ሥራ ይመቻል። በባሕር ማዶ የሚኖር ወገንም ለዕረፍት መጥቶ ሲመለስ ዓይኑን የሚጥለው እንዲህ ባለው ስፍራ ላይ ነው። ዳሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የማጠቢያ መኪናውን ዋጋና የቤቱን ኪራይ ነው፤ እርሱ አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ በስሙ ማን እንደሚፈርም፣ እስከ ምን ድረስም እንደሚፈርም አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂቱ ነው። በሌሊት ፈረቃ ለዓመታት የተጠራቀመ ገንዘብ ሳይታወቅ የሚያልቀውም በዚህ በኩል ነው።

በመጀመሪያ የዜግነቱ ነገር ይቅደም። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474/2012 ደግሞ የፀጉር ማስተካከያንና የውበት ሳሎንን፣ የልብስ ስፌትን፣ እንዲሁም በኢንዱስትሪ ደረጃ ያልሆነ የልብስ ንጽሕና አገልግሎትን ለአገር ውስጥ ባለሀብት ለይቶ አስቀምጧል። ይሁንና የሌላ አገር ፓስፖርት የያዘ ወገን በሩ ተዘግቶበታል ማለት አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካወጣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ሊቆጠር ይችላል። ይህን ትቶ በወንድም ወይም በእኅት ስም የንግድ ፈቃድ ማውጣት አቋራጭ መንገድ ይመስላል፤ ነገር ግን በመዝገብ ነጋዴ ሆኖ የሚታየው ስሙ በፈቃዱ ላይ የተጻፈው ሰው ነው፤ ክርክር ቢነሣ በገንዘብ ላኪው እጅ የሚገኘው የሐዋላ ደረሰኝ ብቻ ይሆናል።

የማኅበሩ ዓይነትም ሊታሰብበት ይገባል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት አባላት ይጠይቅ ስለነበር፣ ብቸኛው ባለገንዘብ ለስም ያህል የአክስቱን ልጅ ለመጨመር ይገደድ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ባለ አንድ አባል ማኅበርን ፈቅዷል፤ መሥራቹ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ የሚተካውን ሰው አስቀድሞ እንዲሰይምም ያዛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የውክልናው ወረቀት ነው። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» ይባላል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን አደራን ለቃል ብቻ አልተወውም። በአንቀጽ 2203 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ተወካዩን የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ይኸውም ንብረትን መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈልና የመሳሰለው ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ በፍርድ ቤት ለመክሰስ ወይም ክስ ለመከላከል አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ አንዱ ወገን ጠቅላላ ውክልና ብቻ ልኮ፣ ተወካዩ ዕዳውን ያልከፈለ ደንበኛ መክሰስ ሲያቅተው ይደነግጣል፤ ሌላው ደግሞ በጥድፊያ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚለውን ሁሉ ጨምሮ ይፈርማል። ሁለተኛው ከፊተኛው የከፋ ነው። ወረቀቱ በባሕር ማዶ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ተፈጽሞ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ስለሚመዘገብ፣ የተረሳ አንድ ቃል ለመጨመር ይህ ሁሉ ደጅ ጥናት እንደገና ይጀመራል።

ተወካዩ የራሱን ክፍል ለሱቁ ቢያከራይ፣ ሳሙናውንም ከራሱ መደብር ቢገዛ ከራሱ ጋር ተዋውሏልና፣ ወካዩ በአንቀጽ 2188 ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ውክልናውንም በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል፤ ሲሽር ግን ወረቀቱን መልሶ ይረከብ፤ ለባንኩ፣ ለአከራዩና ለዕቃ አቅራቢው በጽሑፍ ያስታውቅ። ለእንዲህ ያለ ሱቅ በዱቤ ዕቃ የሚያስረክብ ነጋዴም የተወካዩን ፊት ብቻ አይቶ ሳይሆን ወረቀቱን አንብቦ ቢያስረክብ ለራሱ ይበጀዋል።

ሕጉ ተወካዩ ሒሳብ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል፤ ሒሳቡን መመርመር ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው። የሽያጭ መመዝገቢያው መሣሪያ በየማታው የሚያወጣው ድምር ብቻውን አይበቃም፤ ያልተመዘገበ ልብስ በድምሩ ውስጥ አይገኝምና። የሳሙናው ፍጆታ፣ የውሃና የመብራቱ ክፍያ ታጠበ ከተባለው ልብስ ቁጥር ጋር በየወሩ ይመዛዘን። ሳሙናው ሲጨምር ገቢው ባለበት ከቆመ፣ ባለቤቱ ስልክ የሚደውልበት ምክንያት አለው።

ስለ ምንዛሪው አንድ ነገር ይታከል። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ዶላር ይዞ የመጣው ወገን ከቀድሞው የበለጠ ብር ያገኛል፤ ሱቁ የሚያስገባው ግን ብር ነው፣ የማጠቢያ መኪናው መለዋወጫም በዶላር ይመጣል። ስለሆነም ያለውን ሁሉ በመክፈቻው ቀን ከመመንዘር፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በተፈቀደው የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ለመለዋወጫ የሚሆን ጥቂት ማስቀረት ይሻላል፤ ከአስመጪው ጋርም ስለ መለዋወጫው መነጋገር የሚገባው መኪናው ሲገዛ ነው።