የፍኖተ ሐሊብና የአንድሮሜዳ ጋላክሲዎች መጋጨት አይቀሬ አለመሆኑን ጥናት አመለከተ

ምድር የምትገኝበት ፍኖተ ሐሊብ ወይም ሚልኪ ዌይ የተሰኘው ጋላክሲ፣ በመጪዎቹ 10 ቢሊዮን ዓመታት ከጎረቤቱ አንድሮሜዳ ጋር የመጋጨቱ ዕድል 50 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች አስታወቁ።

በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሪነት ተካሂዶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጁን 2025 ኔቸር አስትሮኖሚ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት፣ ጋላክሲዎቹ ከአራት ቢሊዮን ዓመታት በኋላ መጋጨታቸው እርግጥ ነው የሚለውን የናሳ የ2012 ትንበያ አጠራጣሪ አድርጎታል።

አንድሮሜዳ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ በሰከንድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተቃረበ ነው። ይሁንና ግጭቱን የሚወስነው የጎንዮሽ እንቅስቃሴው ሲሆን፣ ይህን ከርቀቱ የተነሳ በትክክል መለካት እጅግ አዳጋች ነው።

ተመራማሪዎቹ ሀብልና ጋያ ከተባሉት የሕዋ ቴሌስኮፖች የተገኙ መረጃዎችን በመጠቀም የጋላክሲዎቹን የወደፊት ጉዞ 100 ሺህ ጊዜ በኮምፒውተር አስልተዋል። በስሌቱም ታላቁ የማጄላን ደመና የተባለው አነስተኛ ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብን በስበት ኃይሉ ወደ ጎን በመሳብ የግጭቱን ዕድል እንደሚቀንሰው አረጋግጠዋል።

ግጭቱ ቢከሰት እንኳ ከዋክብት እጅግ ተራርቀው ስለሚገኙ እርስ በርስ የመላተማቸው ዕድል እምብዛም ነው። ለምድር ይበልጥ የሚቀርበው ስጋት ፀሐይ ራሷ ስትሆን፣ ሙቀቷ እየጨመረ በመሄዱ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ምድርን ለሕይወት የማትመች እንደምታደርጋት ይገመታል።